ትምህርት 12፦ ሙቀት በጠጣር አካላት ውስጥ

ሀ. መግቢያ

አንድ ነገር እንዴትና ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ድርሰት ገላጭ ድርሰት ይባላል። እንዲህ ያለው ድርሰት ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ይሄዳል፤ ምክንያትንና ውጤትንም ያያይዛል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ «ስለ»፣ «ስለዚህ»ና «በመሆኑም» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና ደጋዎች ሌሊቱ ብርዳም ነው። ምድጃ ዳር ተቀምጣችሁ የብረት ዘንግ ጫፉን እሳት ውስጥ ብትተዉት፣ ጥቂት ቆይቶ የያዛችሁት ጫፍ እጃችሁን ይፈጃል። አንድ ጫፉ የሚነድ የወይራ ፍልጥ ግን በሌላው ጫፉ ያለ ሥጋት ይያዛል። ሁለቱም ጠጣር አካላት ሲሆኑ ስለምን ተለያዩ?

በጠጣር አካል ውስጥ ያሉ አቶሞች በየቦታቸው ይርገበገባሉ። አካሉ ሲሞቅ እርግብግቡ ይበረታል፤ ከአንዱ አቶም ወደ ሌላውም ይተላለፋል። በብረት ውስጥ ከዚህ በተጨማሪ እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉ ሙቀቱን ፈጥነው ያደርሱታል። እንጨት እነዚህ የሉትም፤ በውስጡም ብዙ አየር አለ፤ ስለዚህ ሙቀት በእርሱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና የሚያሞቀንም በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው።

ኤሌክትሮኖች ሙቀትን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሙልንም ይሸከማሉ። በ1821 እ.ኤ.አ. ቶማስ ዜቤክ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችን በቀለበት መልክ አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቀው፣ በአጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዘወር አለ። እርሱ ነገሩ ማግኔት ብቻ መስሎት ነበር፤ በእርግጥ ግን በቀለበቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስ ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቁስ ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን የሚያግድ ነው። በተራ ብረት ሁለቱንም የሚሸከሙት እነዚያው ኤሌክትሮኖች ስለሆኑ ይህ አይገኝም። በመሆኑም ሊቃውንት፣ ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ ግርዱን እንደሚያስቀር፣ ኤሌክትሮኖችን አሳልፈው እርግብግቡን የሚገቱ ቁሶችን ያዘጋጃሉ። ከእነርሱ አንዱ የቢስሙትና የቴሉሪየም ውሕድ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮችም ከፀሐይ እጅግ ርቀው ከአርባ ዓመት በላይ የሠሩት፣ የፕሉቶኒየምን ሙቀት በሲሊከንና በጀርማኒየም ቁስ ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጡ ነው።

ወደ ምድጃችን እንመለስ። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀት ይባክናል። ለዚሁ እሳት እናቶችና ልጆች እንጨት ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ማሳን ሊያዳብር የሚችል ኩበትም ይነዳል። ከምድጃ ጎን የሚገጠም የሙቀት ኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሚያልፍበት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው በአብዛኛው ከመቶ ዐሥር እጅ አይበልጥም፤ ስለዚህ ማገዶ አያድንም። ማገዶ የሚያድነው ሙቀቱን አፍኖ የሚይዝ ምድጃ ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ አንዲት አነስተኛ መብራት ያበራል። ማታ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐ. ማስታወሻ

«ስለ» ከግሥ ጋር ተጣብቆ ምክንያትን ያመለክታል፤ ምሳሌ፦ «አየር ስለሚይዝ»። «ስለዚህ»ና «በመሆኑም» ግን ለብቻቸው ቆመው ውጤትን ያስከትላሉ።

መ. መልመጃ

1. የብረት ዘንጉና የወይራው ፍልጥ የተለያዩበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. ጸሐፊው ወንፊትን ለምን ምሳሌ አደረገ?
3. «ባናው አየር ይይዛል። ባናው ያሞቃል።» እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አንድ ጊዜ በ«ስለ»፣ አንድ ጊዜ በ«ስለዚህ» አያይዙ።
4. በቤታችሁ ሙቀት የሚባክንበትን አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን በሁለት አንቀጽ ግለጹ።