የስልክ ሞገድና የልደታ ግድግዳ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ መርዶ ነው። እኛ ሦስት የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በልደታ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች በአንደኛው፥ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የአንደኛው ባልንጀራችን አባት በጎጃም ገጠር አራሽ ናቸው። በመንደራቸው ኔትዎርክ ስለሌለ፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉልናል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ደጋግመው ቢደውሉ ስልካችን አልተገኘም። ስልኩ ግን ባትሪው ሞልቶ ከራስጌያችን ተቀምጦ ነበር፤ እኛም ነቅተን ነበር። የአያቱን ሞት የሰማነው በማግሥቱ ማታ፥ ደረጃው ላይ ስንወጣ ነው። ጥሪው በጊዜው ቢደርሰን ኖሮ ባልንጀራችን ለቀብሩ ይደርስ ነበር።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በቀፎው ላይ ጣልን። ሌላ ቀፎ ብንዋስ እርሱም ያው ሆነ። ከዚህ በኋላ ማማረሩን ትተን ነገሩን እንደ ተማሪ ለመመርመር ቈረጥን። የተማርነውንም ለአንባቢያን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በመሠረቱ ትንሽ የራዲዮ ማሠራጫና መቀበያ ነው። ሞገዱ እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚገልጸው ቍጥር ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ 1 ሜጋኸርዝ ማለትም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። 300ን በሜጋኸርዙ ቍጥር ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። ስለዚህ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከስንዝር ይበልጣል፥ ከክንድ ያንሳል። የ1800 ሞገድ 17፥ የ2100 ሞገድ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱም ስንዝር አይሞሉም።

በአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር በ900 ክልል ነበር። ኋላ 1800 ተጨመረ፤ ለሦስተኛው ትውልድ ደግሞ 2100 መጣ። አራተኛው ትውልድ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ አምስተኛው በ2014 ዓ.ም. ተጀመረ። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ቀፎ ውስጥ ረጅምም አጭርም ሞገድ ይመላለሳል ማለት ነው።

በእነዚህ ሞገዶች መካከል ያለው ልዩነት የሚታወቀው ከቤት ስንገባ ነው። አንደኛ፥ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን፥ በስልኩ አንቴና የሚለቀመው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለተኛ፥ ረጅሙ ሞገድ የሕንጻ ማዕዘንን ዞሮ መምጣት ይችላል፤ አጭሩ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ማለት ስለሚወድ ከሕንጻው ጀርባ ጥላ ይተዋል። ሦስተኛ፥ አብዛኛው የግንብ ዓይነት፥ ይልቁንም እርጥበት ሲኖረው፥ አጭሩን ሞገድ አብልጦ ይውጣል። የግድግዳ ጉዳት በዴሲቤል ይለካል። አንድ ግድግዳ 10 ዴሲቤል ቀነሰ ሲባል ከዐሥር እጅ አንዱን ብቻ አሳለፈ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ግድግዳዎች ቢደራረቡ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ልደታ እንመለስ። ሠፈሩ ፈርሶ እንደገና ከመሠራቱ በፊት ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለ ሆነ ከላይ የሚመጣውን ሞገድ ይመልሳል፤ ነገር ግን የማማው ሞገድ በአብዛኛው የሚመጣው ከጎን ነው፤ ቀጭን የደረቀ የጭቃ ግድግዳም ብዙ አይከለክለውም። የዛሬው ቤታችን ወለሉና ምሰሶው ፌሮ የተዘረጋበት አርማታ፥ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ዙሪያውን ሌሎች ፎቆች ከበውናል። ፌሮም ብረት ስለ ሆነ ሞገድን ይመልሳል፤ የፌሮው ዐይን በጣም ከጠበበ ረጅሙም ሞገድ ሳይቀር ይቸገራል። በብርጭቆ የተሸፈኑት አዳዲስ ሕንጻዎችም ቢሆኑ፥ ፀሐይን እንዲመልስ ስስ የብረት ቅብ የተቀባ መስተዋት ካላቸው፥ ሞገዱንም አብረው ይመልሳሉ። ዝናብና ብርድን በመከላከል የተሻለው ቤት፥ ስልክን በመቀበል ብሶ መገኘቱ እንዲህ ነው።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ስልክ ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን ለማማው መመለስም አለበት። በሁለተኛው ትውልድ የእጅ ስልክ ጕልበት በ900 ቢበዛ 2 ዋት፥ በ1800 1 ዋት ነው፤ ማማው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በስልኩ ራስጌ ጭረቶች እየታዩ ድምፃችን ወዲያ ማዶ የማይሰማው ስለዚህ ነው። ከዚህም በቀር ቀፎው ደካማውን ፈጣን ሞገድ የሙጥኝ ብሎ፥ ወዲያው ደግሞ እየለቀቀ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲዘል፥ በዚያ መካከል የመጣ ጥሪ ሊያመልጠው ይችላል። የዚያን እሑድ የደረሰብን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉንም በ900 ለምን አያደርጉትም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኛም ጠይቀን ነበር። መልሱ ረጅሙ ሞገድ ያለበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው። የጥንቱ የ900 ክልል በእያንዳንዱ አቅጣጫ 25 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲኖረው፥ 1800 ግን 75 አለው። ሰው በበዛበት ከተማ ሁሉም በጠባቡ ቢጓዝ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለመድረስ፥ ሌላው ለመሸከም።

ለክፍላችን ያገኘነው መፍትሔ ገንዘብ አላስወጣንም። ጥሪ የምንጠብቅ ቀን ስልኩን ከራስጌ አንሥተን መስኮቱ ላይ እናኖራለን። ኢንተርኔት በማያስፈልገን ሰዓት በቀፎው ማስተካከያ ገብተን ወደ 2ጂ እንመልሰዋለን። ድምፅ ሲቈራረጥ ግማሽ ስንዝር ያህል ፈቀቅ እንላለን፤ ከግድግዳ እየነጠሩ የሚመጡ ሞገዶች በአንዲት ነጥብ ላይ ሲጠፋፉ፥ ጥቂት ጣት ፈንጠር ብሎ ሊደጋገፉ ይችላሉና። አንዳንድ ሰው ከገበያ ማጉያ ገዝቶ ይተክላል፤ ይህ ያለ ፈቃድ ሲሆን የጎረቤትን መስመር ሊያውክ ስለሚችል አንመክርም።

ነገር ግን የተከራይ ብልሃት ብቻውን አይበቃም። ውኃና መብራት ቤት ሲነደፍ እንደሚታሰብባቸው ሁሉ፥ የሞገድ መግቢያም ሊታሰብበት ይገባል። በሕንጻው ውስጥ ትንንሽ አንቴናዎችን ማከፋፈል በዓለም የታወቀ ዘዴ ነው፤ መንገዱ በግንባታ ጊዜ ካልተዘጋጀለት ግን በኋላ ግድግዳ መብሳትን ይጠይቃል። የሕንጻ ጥበብ የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ልደታ ነው። ከእኛ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ናቸውና፥ በሚመጣው እትም መልስ እንዲሰጡበት በትሕትና እንጋብዛቸዋለን።

እስከዚያው ድረስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የባልንጀራችን አባት ከጉብታው እስኪወርዱ፥ እኛም ከመስኮቱ አንለይም።