የተመታ ዓይንና የማይጠብ ብሌን

በማጂ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ አካባቢ ቡና በሚለቀምበት ወራት ቅርንጫፍ ተስፈንጥሮ፣ እንጨት በሚፈለጥበትም ጊዜ ፍላጭ ተፈናጥሮ ዓይንን ይመታል። የተጎዳው ሰው አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመጣ ይችላልና፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ምልክቱን ልናውቅ ይገባናል።

ብሌን በዓይን መካከል የሚታየው ጥቁር ክብ ነው። በብርሃን ይጠባል፤ በጨለማ ይሰፋል። ዓይን በኃይል ሲመታ ብሌኑን የሚያጠበው ጡንቻ ይደነዝዛል ወይም ይቀደዳል። ያን ጊዜ ብሌኑ በብርሃን ፊት እንኳ ሰፍቶ ይቀራል። ይህንም በእጅ ባትሪ እያበሩ ሁለቱን ዓይኖች በማነጻጸር መመልከት ይቻላል።

ጭንቅላትም ተመትቶ ከሆነ፣ የሰፋ ብሌን በውስጥ የፈሰሰ ደም ነርቭን መጫኑን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ተጎጂው ካንቀላፋ፣ ካስመለሰ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ለሰዓት እንኳ ማቆየት አይገባም።

እስከ ሐኪም ቤት ድረስ የሚከተሉትን እንጠብቅ፦

1. ዓይኑን አንሽ፣ አንጫን፤ የተሰካ ነገር ቢኖር አንንቀል።
2. የቅጠል ጭማቂ፣ ወተት ወይም ቅቤ አንጨምር። የአጤ ፋሪስ ጭማቂ የጤነኛውን ዓይን ብሌን እንኳ ያሰፋልና ሐኪሙን ያሳስታል። ኖራ ወይም የእርሻ መድኃኒት ከገባ ግን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ።
3. ዓይኑን በማይነካ ንጹሕ ኩባያ ሸፍነን፣ ራሱን ከፍ አድርገን በዚያው ቀን እናድርሰው።

ካህኑ ይጸልይለት፣ በመስቀሉም ይባርከው፤ ሳይመረመር ግን በዓይኑ ውስጥ ምንም አይጨመር።

ሐኪሙ የማየት ኃይሉን፣ የውስጥ መድማትንና የዓይን ግፊትን ይመረምራል። የደነዘዘ ጡንቻ በቀናት ወይም በሳምንታት ሊመለስ ይችላል። የተቀደደ ከሆነ ብሌኑ ሰፍቶ ሊቀር ስለሚችል የፀሐይ መነጽር፣ አንዳንዴም የሚያጠብ ጠብታ ወይም ቀዶ ሕክምና ይረዳል። ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛ። የዓይን ግፊት ከዓመታት በኋላም ሊነሣ ይችላልና፣ ዓይኑ ቢድንም ክትትሉ አይቋረጥ።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል በሚዛን አማን ይገኛል፤ ለከፍተኛ ሕክምና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ክፍል አለ። ከማጂ ደጋ ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ የመጓጓዣ ገንዘብና አብሮ የሚሄድ ሰው አስቀድመን እናዘጋጅ።

ለውይይት፦ ዛሬ ማታ በሰበካችን አንድ ሕፃን ዓይኑን ቢመታ፣ ማን ያደርሰዋል? በምን ገንዘብ?