ስለ ድንች እርሻና ስለ ዘሩ አጠባበቅ፤ ለሐሙሲትና ለፎገራ አገር ሹማምንት

ድንች የአገራችን ጥንተ ተክል አይደለም። የትውልድ ስፍራው በደቡብ አሜሪካ ያለው የፔሩ ተራራማ አገር ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል። በሦስትና በአራት ወር ስለሚደርስ፥ ጎተራ በሚራቆትበት፥ ገብስም ገና ባልደረሰበት በክረምት ወራት፥ በጉና ተራራ ዙሪያ ላለው ደገኛ ታላቅ ረዳት ነው።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው ሜዳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ርብና ጉማራም በክረምት ሞልተው ሲተኙበት ውኃው ቶሎ አይጠፋም፤ ውኃ የተኛበት ድንች ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ክረምቱን ለሩዝ ትቶ፥ ድንቹን ዝናም ካቆመ በኋላ በመስኖ፥ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የዘሩ ነገር ነው። ገበሬው ትልልቁን ሸጦ፥ መካከለኛውን በልቶ፥ ለዘር የሚያስቀረው ጥቃቅኑን ነው። ጥቃቅኑም ብዙ ጊዜ ከታመመ እግር የተገኘ ስለ ሆነ በሽታውን ለሚመጣው ዓመት ያወርሳል። በላሙ ዘር የታወቀ የፎገራ አገር ለድንቹ ዘር እንዲህ ቸልተኛ መሆኑ ያስገርማል። ጤነኛውን እግር በአበባው ጊዜ ምልክት አድርጎ፥ ዘሩን ከእርሱ ለይቶ ማስቀረት ይገባል። ከደጋ የሚመጣ ዘር የተመረጠ ነው፤ በብርዱ ምክንያት በሽታ የሚያዛምተው ክሽክሽ በዚያ ጥቂት ነውና። ጌራ፥ ጓሳና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች በምርምር የተገኙ ናቸው። የዘሩ መጠን የዶሮ ዕንቁላል ያህል፥ በመስመሮቹ መካከል 75፥ በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለአንድ ሄክታር እስከ 20 ኩንታል ይበቃል።

የተቀመጠው ዘር ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፥ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚገባው ቆጥ ላይ ይዘርጋ፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። አረንጓዴ የሆነው ለዘር መልካም ነው፤ ለመብል ግን መርዝ አለበት።

ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ በአየርላንድ ከ1845 እስከ 1849 ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በረኃብ እንዲያልቅ ምክንያት ሆኗል። በሜዳችን ይልቁን የሚያስፈራው አጠውልግ የሚባለው ነው። ቲማቲምንና በርበሬንም ስለሚይዝ፥ ድንች እነዚህን ተከትሎ አይተከል። በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ በመስኖም ውኃ ወደ ጎረቤት እርሻ ይሻገራል። ስለዚህ ሹሙ ዘር ከማደሉ አስቀድሞ ከጭነቱ ጥቂት ድንች አስቆርጦ ይመልከት፤ በውስጡ ቡናማ ቀለበት ቢታይ፥ ወተት የሚመስል ፈሳሽም ቢወጣው፥ ጭነቱ በሙሉ ለዘር እንዳይታደል ያድርግ።