ቤት ሲታሸግ ትምህርት አይታሸግም
በዝውውር ሰሞን ትንሽ ልጅን ቤት ውስጥ ስለማስተማር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! የሴሚስተር እረፍት ሲደርስ ወደ ቤተሰብ እንመለሳለን። አንዳንዶቻችን የምንደርሰው ግማሹ ዕቃ ከታሰረ በኋላ ነው፤ የአባት ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፣ ወይም አከራይ ቤቱን ፈልጎታል። ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤትም ከመድረሳም ወጥቷል፤ አዲሱ ከተማ ገብቶ እስኪመዘገብ ሳምንታት ይቀራሉ። እናት ደግሞ በዕቃው መሐል ሆና «አንተ የተማርከው፣ እስቲ ይህን ልጅ ያዝልኝ» ትላለች። ይህ ጽሑፍ ያንን «ያዝልኝ» እንዴት እንደምንፈጽመው ነው።

1. ጉዳዩ ቀላል ያልሆነው ለምንድን ነው?

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን ጠባቂ እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ቁርኣን በልብ ካልተጠበቀ ከታሰረ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያመልጥም ነግረውናል። ይህ ለትልቅ ሰው ከሆነ፣ ትናንት የሐፈዘውን ዛሬ ሰሚ ያጣ የ6 ዓመት ልጅማ ምን ያህል ይጠፋበት? ፊደሉም እንደዚያው ነው።

መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ድልድይ ሊጠግኑ ሲሉ አስቀድመው ተለዋጭ መንገድ ያወጣሉ። ተለዋጩ ጠባብ ነው፤ አቧራም አለው፤ ግን መኪናው አይቆምም። የዝውውር ሰሞን የቤት ትምህርትም እንዲሁ ነው። የትምህርት ቤቱን ሥራ ሁሉ እንዲሠራ አይጠበቅበትም፤ ልጁ የያዘውን ሳይጥል ማሻገር ይበቃዋል።

2. ጥቂት፣ ግን በየቀኑ

አላህ ዘንድ ተወዳጅ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን። ለትንሽ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት፣ እሱም በሦስት ተከፍሎ፣ በቂ ነው።

• ከቁርስ በኋላ 20 ደቂቃ ቁርኣን። ከሱረቱ-ን-ናስ እስከ ሱረቱል ፊል የያዘ ልጅ 10 ሱራዎች አሉት። በቀን ሁለት ሁለት ቢያሰማ በ5 ቀን አንድ ዙር ይጨርሳል። በዚህ ሰሞን አዲስ ሱራ መጨመር ግድ አይደለም፤ ሙራጀዓው ይቅደም።
• ረፋድ ላይ 20 ደቂቃ ፊደልና ቁጥር። በቀን አንድ የፊደል ቤተሰብ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» በሰባቱ ድምፅ ያንብብ፣ ይጻፍ።
• ከመግሪብ በኋላ 20 ደቂቃ ታሪክ። የነቢያት ታሪክ ይነገረው፤ በማግስቱ እሱ መልሶ ይንገር።

ሰዓቱን በደቂቃ ከማስላት ከሶላት ወይም ከምግብ ጋር ማያያዝ ይሻላል። ቤቱ በተተራመሰ ጊዜ የግድግዳው ሰዓት ካርቶን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አዛኑ ግን አይታሸግም።

3. የሉቅማን ቅደም ተከተል

በሱረቱ ሉቅማን ከአንቀጽ 13 እስከ 19 አባት ልጁን ሲያስተምር እናገኛለን። ሉቅማን ልጁን ሦስት ጊዜ በፍቅር አቆላምጦ ይጠራዋል። መጀመሪያ ተውሒድን፣ ቀጥሎ የአላህን ሁሉን አዋቂነት፣ ከዚያ ሶላትንና ትዕግሥትን፣ በመጨረሻም አረማመድንና የድምፅን ልክ ያስተምረዋል። የወላጆች ሐቅም በመካከሉ ተነስቷል። ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ዋናው ይቀድማል፤ ጊዜ ሲያጥር ከሒሳብ ልምምድ ይቀነስ እንጂ ከሶላት አይቀነስ። ሁለተኛ፣ አጠራሩ ራሱ ትምህርት ነው፤ በዕቃ ድካም የተቆጣ አስተማሪ ፊት ልጅ ፊደሉን ሳይሆን ቁጣውን ያጠናል።

4. ዕቃ ማሰሩም ትምህርት ነው

ባለፈው እረፍት ቤተሰቦቼ ከኮምቦልቻ ወደ አዳማ ሲዛወሩ የ6 ዓመት እህቴን ለሦስት ሳምንት ያስተማርኩት ይበልጡን በካርቶን ነው። የወጥ ቤቱ ካርቶን ላይ «ወ»፣ የመጻሕፍቱ ላይ «መ»፣ የልብሱ ላይ «ል» እሷ ጻፈች። ሰሃን እየቆጠረች አሰረች፤ ከ12 ሰሃን አራቱ ለጎረቤት ሲሰጡ ስንት እንደቀረ ነገረችኝ። መንገዱንም በወረቀት ላይ ሣልን፦ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ የጣርማበር ዋሻ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ አዳማ። የጉዞው ዕለት እየደረስንበት ምልክት አደረገች።

የተጓዥ ሶላትም ለልጅ ጥሩ ሒሳብ ነው። በቀን የምንሰግደው ፈርድ 17 ረከዓ ነው። በጉዞ ላይ ዙህር፣ አስርና ዒሻ ከአራት ወደ ሁለት ያጥራሉ፤ ሱብሒ ሁለት፣ መግሪብ ሦስት እንደሆኑ ይቀራሉ። ድምሩ 11 ይመጣል። «ስድስቱ የት ሄዱ?» ብለን ስንጠይቀው ልጁ መቀነስንም፣ የአላህን ማግራራትም አብሮ ይማራል። አዲሱ ከተማ መኖሪያችን ስለሆነ እዚያ ስንደርስ ሙሉውን እንደምንሰግድም እንንገረው።

5. ወረቀትና የመጨረሻው ቦርሳ

የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ውጤት ካርድ፣ ከትምህርት ቤቱ መልቀቂያ፣ ከቀበሌው መሸኛ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ፋይል ገብተው በእጅ ይያዙ። ከጭነት ጋር የሄደ ወረቀት በምዝገባ ቀን አይገኝም።

የመድረሳውን ኡስታዝ ሳንሰናበት አንሂድ። ልጁ የት እንደደረሰና በየትኛው ቃዒዳ እንደተማረ በአንዲት ወረቀት ይጻፉልን። በበግዳዲያ የጀመረ ልጅ ኑራኒያ የሚያስተምር መድረሳ ሲገባ አዲሱ ኡስታዝ ይህን ካላወቁ «ምንም አያውቅም» ተብሎ ከአሊፍ ሊጀምር ይችላል።

የልጁ ደብተር፣ እርሳስ፣ ቃዒዳና የለመደው ብርድ ልብስ በአንድ ቦርሳ ይሁኑ፤ መጨረሻ ታስሮ መጀመሪያ የሚፈታ ቦርሳ። ሙስሐፍ ግን ከጫማና ከድስት ጋር አይታሸግም፤ ከእኛ ጋር ይጓዛል።

6. የልጁን ልብ አንርሳ

ልጅ በዝውውር ሰሞን ሲያለቅስ፣ ያወቀውን ፊደል ረሳሁ ሲል ሰነፈ አንበል። ጓደኞቹን፣ ግቢውን፣ ኡስታዙን ሊያጣ ነው፤ ሐዘኑን በቃል መናገር ግን አይችልም።

እዚህ ላይ የኡሙ ኻሊድን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። የኻሊድ ኢብን ሰዒድ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በተሰደዱባት በሀበሻ ምድር ተወልዳ ገና ትንሽ ሳለች መዲና ገባች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት፤ በሀበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው። ዛሬም «ሰናይ» የምንለውን ቃል ያስታውሰናል። ከሩቅ የመጣችን ሕፃን ትታው በመጣችው አገር ቃል ተቀበሏት። ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። አዲሱ ቤት በገባን ምሽት፣ ዕቃው ሳይፈታ፣ ልጁ ድሮ ቤት ይቀራው የነበረውን ሱራ ይቅራ። የድሮ ኡስታዙን በስልክ ሰላም ይበል። ቦታው ቢለወጥም ያወቀው ነገር አብሮት እንደመጣ ያኔ ይገባዋል።

ለሐለቃ ውይይት

• ቤታችን ውስጥ በዚህ እረፍት የሚያሰማው ያጣ ልጅ አለ?
• በቀን የትኛውን 20 ደቂቃ ልንሰጠው እንችላለን?
• በግቢያችን አካባቢ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ካሉ ልጆቻቸውን መድረሳ በማስመዝገብ ጀመዓችን ምን ሊያግዝ ይችላል?

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ የሚጓዙትን በሰላም ያድርስ፤ የገቡበትን ቤት የቁርኣን ቤት ያድርግላቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።