ስለ ሌላው መጽሐፍ ከመናገራችን በፊት



አንድ የነቀምት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያጫወተኝን ላስቀድም። ክፍል ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው የመካነ ኢየሱስ ልጅ «የዮሴፍ ታሪክ በናንተ ቁርኣን ውስጥ አለ እንዴ?» ሲል ይጠይቀዋል። «አለ» ብሎ ይመልሳል። «ታዲያ ከኛው ጋር አንድ ነው?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ሱረቱ ዩሱፍን በቃሉ ይቀራል፤ ትርጉሙን ግን በቅጡ አያውቅም። የጓደኛውን መጽሐፍማ ገልጦም አያውቅ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቀው በስልኩ ከተመለከታቸው ክርክሮች የለቀመውን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ከዚህ ልጅ አንሻልም።

«የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ዑመር (ረ.ዐ.) ከተውራት የተጻፈ ይዘው በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆጣታቸው ተዘግቧል። ነገር ግን እኚሁ ነቢይ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል፤ የመጽሐፉ ባለቤቶች የሚናገሩትንም በጭፍን እንዳንቀበል፣ በጭፍንም እንዳናስተባብል መክረዋል። ዑለማዎችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። ኢብን ሐዝም የቀደሙት መጻሕፍት ጽሑፋቸው ራሱ ተለውጧል ብሎ አጥብቆ ሲከራከር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል‐ቢቃዒ ደግሞ ቁርኣንን ሲተረጉም ከተውራትና ከወንጌሎች ይጠቅስ ነበር፤ ሲተቹትም መልሱን በመጽሐፍ ጽፏል። እምነቱን ገና ያላወቀ ልጅ በዚህ ይጀምር አልልም። ነገር ግን ሳያነቡ የሚከራከሩ ሰዎች ከሚያነቡት ይልቅ ያሳስቡኛል።

እስቲ የዚያን ተማሪ ጥያቄ አብረን እንመልስ። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 37 ጀምሮ እስከ 50 ድረስ ይዘልቃል፤ መሃሉ ላይ ስለ ይሁዳና ስለ ትዕማር የሚናገር ሌላ ታሪክ ገብቷል። በቁርኣን 12ኛው ሱራ፣ 111 አንቀጾች ነው፤ አንድ ወጥ ሆኖ ይፈስሳል። ጉድጓዱ፣ የወንድሞች ቅናት፣ ሽያጩ፣ እስር ቤቱ፣ የንጉሡ ሕልም በሁለቱም አለ። በዘፍጥረት የሽያጩ ዋጋ 20 ብር ነው፤ ቁርኣን ቁጥሩን ትቶ ጥቂት ዲርሃሞች፣ ርካሽ ዋጋ መሆኑን ብቻ ይነግረናል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቀሚሱ ላይ ነው። በዘፍጥረት ያዕቆብ በደም የተነከረውን ልብስ ሲያይ ልጁን አውሬ እንደበላው አምኖ ያለቅሳል። በቁርኣን ግን ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) አይታለሉም፤ ነገሩን ነፍሳችሁ ያሳመረችላችሁ ነው ብለው መልካም ትዕግሥትን ይይዛሉ። በዘፍጥረት የጌታው ሚስት የዮሴፍን ልብስ በእጇ አስቀርታ ትከስሰዋለች፤ ልብሱ የውሸት ማስረጃ ይሆናል። በቁርኣን ቀሚሱ ከኋላ ተቀድዶ ይገኝና ነጻ ያወጣዋል። በመጨረሻም የዩሱፍ ቀሚስ በአባቱ ፊት ላይ ሲጣል ዓይናቸው ይበራል፤ ይህ በዘፍጥረት የለም። በዘፍጥረት ደግሞ በቁርኣን ባጭሩ ብቻ የተነካ አንድ ትልቅ ቦታ አለ። በቁርኣን ወንድሞቹ ከእኛ አንዱን በእርሱ ፋንታ ውሰድ ብለው በጋራ ይለምናሉ። በምዕራፍ 44 ግን ይሁዳ ራሱ ብቻውን ቀርቦ፣ ስለ ሽማግሌ አባቱ ረጅም ንግግር አድርጎ፣ በትንሹ ወንድሙ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን ይላል። ሙስሊም ሆኜ ሳነበውም ልቤን ነክቶታል፤ ይህን መናገር ኢማኔን አይቀንሰውም።

ይህ ታሪክ ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። ነቀምት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ። ኦኔሲሞስ የሚለውም ስም በአዲስ ኪዳን ለፊልሞና በተጻፈው መልእክት ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳተሙ፤ ፊደሉ የግዕዝ ነበር። ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን በመሰብሰብ የረዳቻቸው አስቴር ጋኖም በባሪያ ንግድ የተወሰደች ልጅ ነበረች። ወንድሞቹ ዮሴፍን የሸጡበትን ምዕራፍ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት እንግዲህ ራሳቸው የተሸጡ ሰው ናቸው። በ1904 ወደ ነቀምት ተመልሰው ማስተማር ሲጀምሩ ከካህናት ክስ ደረሰባቸው፤ በ1916 እንዲያስተምሩ የፈቀዱላቸው ደግሞ ሙስሊሙ በበጎ የሚያነሳቸው ልጅ ኢያሱ ነበሩ።

አንድ መራራ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ትክክል አይሆንም። በዚያ መንገድ ከነበሩት የባሪያ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ቀረጡን የበሉት ገዢዎችም ክርስቲያኖች። ሱረቱ ዩሱፍን እየቀሩ ሰው የሸጡ ነበሩ ማለት ነው።

የኛስ መጽሐፍ? የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ከኦኔሲሞስ መጽሐፍ 70 ዓመት ዘግይቶ። በኦሮምኛ ደግሞ ሸይኽ መሐመድ ረሻድ ለዚህ ሥራ ደክመዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በቤጊ የሚኖር ሙስሊም የጎረቤቱ ልጅ መጽሐፉን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እያነበበ ሲያድግ አይቷል። የእርሱ ልጅ ግን በአብዛኛው ድምፁን ብቻ ይዞ አድጓል። የዐረብኛው ቂርኣት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ትርጉሙ አብሮት ይሂድ ነው የምለው።

ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን አሰንዳቦ የቁርኣን ቅጠል ተዋረደ በሚል ወሬ በርካታ ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጥለዋል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ያ ቁርኣን ግን በሱረቱል ሐጅ፣ 40ኛው አንቀጽ፣ የአላህ ስም በብዛት የሚወሳባቸውን ገዳማትና ቤተ ክርስቲያኖች ከመስጊዶች ጋር አብሮ ይጠራቸዋል፤ እንዳይፈርሱም አላህ ሰዎችን በሰዎች እንደሚከላከል ይናገራል። ችቦ ካነሱት ስንቶቹ ይህን አንቀጽ በትርጉሙ አንብበውት ይሆን?

ሌሎቹን ሃይማኖቶች በተመለከተ አል‐ቢሩኒን ማስታወስ ይበቃል። ከሺህ ዓመት በፊት ሳንስክሪት ተምሮ የሕንዶችን እምነት ከራሳቸው መጻሕፍት ጻፈ፤ ሊያፈርሰው ሳይሆን እንዳለ ሊያሳየው። እዚሁ ወለጋ ያለው ዋቄፈና ደግሞ መጽሐፍ የለውም፤ ጸሎቱና ሕጉ በሽማግሌ አፍ ነው ያለው። እርሱን ለማወቅ ገጽ መግለጥ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያሻል።

ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነው፦ ሱረቱ ዩሱፍን ከነትርጉሙ ይዞ፣ ጓደኛውም ዘፍጥረቱን ይዞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አብረው ያንብቡ። ማንም ማንንም ለመርታት እንዳይነሳ አደራ ብያለሁ። ይሁዳ ጋ ሲደርሱ የተባባሉትን እንዲነግረኝ እየጠበቅሁ ነው።