ስዕል አልችልም ለምትሉ የ6ኛ ክፍል ልጆች

በዚህ እትም “ትምህርታዊ” የሚለውን አምድ የመጻፍ ተራው የደረሰው ለኔ ነው። ክበባችን “ስለ ሳይንስ ጻፊ” ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ክወናና እይታ ጥበባት ልጻፍ ብዬ ለመንኩ። ምክንያቱም የ6ኛ ክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት እየመጡ “7ኛ ክፍል ስዕል ይከብዳል ወይ? የማይችል ሰው ይወድቃል ወይ?” እያሉ ይጠይቁናል። አንዳንድ የ7ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ለማስፈራራት ብለው “አዎ፣ ሰው መሳል ካልቻልክ ትደግማለህ” ይሏቸዋል። ውሸት ነው። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። እኔ ዜሮ ያገኘሁ ሰው ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሁላችንም “ስዕል” እንለዋለን እንጂ ትምህርቱ ስዕል ብቻ አይደለም። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ቲያትርም አለበት። እንደ ሌላው ትምህርት ኖት ይጻፋል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ቴስትም አለ። መስከረም ላይ “በቃ ቁጭ ብለን እንስላለን” ብለን ከለር ይዘን ገብተን፣ ሙሉውን ፔሬድ ኖት ስንገለብጥ ብዙ ልጆች ተናደዋል። እናንተ ከአሁኑ እወቁት።

የመጀመሪያው ስዕል እንሰት ነበር። አስተማሪያችን ምንም ሳያሳዩን “እንሰት ሳሉ፣ 10 ደቂቃ አላችሁ” አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ዱራሜ ተወልዶ እንሰት የማያውቅ ማን አለ? ቆጮው ከቤታችን አይጠፋም፣ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ስንጨርስ ደብተሮቹን ሰብስበው አንድ በአንድ አሳዩን። አንዱ ጃንጥላ ይመስላል። አንዱ ሙዝ ነው፣ ጭራሽ የሙዝ ፍሬ ተንጠልጥሎበታል። የኔው ደግሞ ቀጥ ያለ ምሰሶ ላይ ቅጠል የተሰካበት ነገር ነበር።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተን ከአጥሩ ጀርባ ያለውን እንሰት ከበን ቆምን። “አሁን እርሳስ አትንኩ፣ ዝም ብላችሁ እዩ” አሉን። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ አንድ ተክል ማየት እንዴት እንደሚሰለች ልነግራችሁ አልችልም። ግን ትንሽ ቆይቶ ነገሮች መታየት ጀመሩ። ግንዱ ከታች ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ቅጠሎቹ እንደ ሙዝ ወደ ጎን አይዘረጉም፣ ወደ ሰማይ ይቆማሉ። ንፋስ የቀደደው ቅጠል የሚቀደደው እንዲሁ በዘፈቀደ ሳይሆን የቅጠሉን መስመር ተከትሎ ነው። በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ወፍራም አጥንት ደግሞ የዚያኛው እንሰት ቀይ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ በየቀኑ ሳልፈው የኖርኩት ነገር ነው። ቀይ መሆኑን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እንግዲህ የስዕል ክፍለ ጊዜ ማለት አብዛኛው ይሄ ነው። እጅ ሳይሆን ዓይን ነው የሚማረው።

አሁን ወደ ዜሮዬ ልምጣ። ለቤት ሥራ “ቤታችሁ ያለውን ጀበና እያያችሁ ሳሉ” ተባልን፣ ከ10 የሚያዝ። እኔ ደግሞ የአጎቴ ልጅ አለ፣ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ፣ እጁ ወርቅ ነው። “እባክህ ሳልልኝ” አልኩት። ሻይ እየጠጣ በሩብ ሰዓት ጨረሰው። የሚያምር ጀበና! ረጅም አንገት፣ የሚንቆረቆርበት ጡት፣ ጭሱ ሳይቀር ተጠማዞ ይወጣል። ኮራ ብዬ አስረከብኩ።

አስተማሪያችን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። “ይሄ ጀበና እናንተ ቤት ያለው ነው?” አሉኝ።

“አዎ ቲቸር።”

“መክደኛው ምንድነው?”

ዝም አልኩ። ስዕሉ ላይ መክደኛ የለም። የኛ ቤት ጀበና መክደኛው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ጡት የሚባል ነገርም የለውም፣ የሚቀዳው በአፉ ነው። እጀታው ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ጥሎት የተሸረፈ ቦታ አለ። የአጎቴ ልጅ የሳለው በጭንቅላቱ ያለውን ጀበና ነው እንጂ የእማዬን ጀበና አይደለም። ክፍሉ በሙሉ እያየኝ ነበር። “ዜሮ ነው” አሉ፣ ግን አልጮሁብኝም። “ነገ የራስሽን አምጪ። አስቀያሚም ቢሆን ያንቺ ይሁን።”

ያን ቀን ማታ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እማዬ “አንቺ ልጅ፣ ጀበና ጠባቂ ሆንሽ እንዴ?” እያለች ትስቃለች። ስምንት ጊዜ አጠፋሁ። ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው። በጣም ያስቸገረኝ አፉ ነው። አፉ ክብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ክብ አድርጌ እስላለሁ። ክብ ሳደርገው ግን ጀበናው ወደኔ የወደቀ ይመስላል። በኋላ ክፍል ውስጥ ስንማር ነው የገባኝ። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ይጨፈለቅና እንደ እንቁላል ይሆናል። ዓይናችሁ ከአፉ ጋር እኩል ከሆነ ጭራሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ብርጭቆ ይዛችሁ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩት።

ከ10 ስድስት አገኘሁ። በዓመቱ ውስጥ ዘጠኝ ያገኘሁበትም አለ፣ እንደ ስድስቱ ግን ያስደሰተኝ የለም። የተሸረፈችው ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎባት ነበር።

ሰው መሳል ለምትፈሩ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ግማሹን ፍርሃት ይቀንስላችኋል። ሁላችንም ፊት ስንስል ዓይንን ግንባር አካባቢ ነው የምናስቀምጠው። ዓይን ግን ያለው የጭንቅላት መሀል ላይ ነው። ከአናት እስከ አገጭ በማስመሪያ ለኩት፣ ግማሹ ላይ ዓይን ታገኛላችሁ። በሁለቱ ዓይኖች መሀል ያለው ቦታ ደግሞ አንድ ዓይን ያህላል። እኛ በጓደኞቻችን ፊት ላይ ለክተን አረጋግጠናል፣ አንዷ ጓደኛዬ ብቻ ሳቅ አላስቆም ብሏት ሳትለካ ቀረች። ራቅ ያለ ነገር የሚለካው ደግሞ በእርሳስ ነው። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ትዘረጋላችሁ፣ አንድ ዓይን ትጨፍናላችሁ፣ ከእርሳሱ ጫፍ እስከ አውራ ጣታችሁ ያለውን መለኪያ ታደርጋላችሁ። መንገድ ላይ ስታደርጉት ሰው የምታሾፉበት ስለሚመስለው ተጠንቀቁ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ስዕል እንደዚህ መለካት አለበት ማለት አይደለም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ዓይንን ሆን ብለው ትልቅ ያደርጉ ነበር። ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፣ ክፉዎቹ ብዙ ጊዜ በጎን በኩል በአንድ ዓይን። ስዕሉን የሚያየው ሰው ፊደል ባይቆጥር እንኳ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ድሮ “መሳል ስላልቻሉ ነው” ብዬ አስብ ነበር። ሕግ ኖሯል።

ስለ ቀለም እንነጋገር። ሦስት ዋና ቀለሞች አሉ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፣ ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ ይሆናሉ። ይሄ ቴስት ላይ ይመጣል። ግን ትልቁ ችግር ቀለሙ ራሱ ነው። አንድ ፓኮ ከለር ለአራት ልጅ ነበር የምንጠቀመው፣ ሁሌ ቀድሞ የሚያልቀው አረንጓዴው ነው። ስለዚህ አስተማሪያችን ከቤት የሚገኝ ቀለም አሠሩን። ለጥቁር ከሰል ፈጨን። ለቀይ ከመንገድ ዳር ቀይ አፈር አምጥተን በነጠላ ጨርቅ ነፋን። ለቡናማ የቡና አተላ። ለቢጫ እርድ። ዱቄቱ ወረቀት ላይ እንዲይዝ በእንቁላል አስኳል ይለወሳል። (እንቁላሉን ከቤት ስትወስዱ አስፈቅዱ፣ እኔ ተቆጥቼበታለሁ።)

እርዱ ሁለት ነገር አስተማረን። እጃችንን በሳሙና ስንታጠብ ቢጫው ቀይ ሆነ! አንድ ልጅ ደማ ብሎ ደንግጦ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችንን ስንጠይቅ፣ እርድ ቤዝ የሆነ ነገር ሲነካው መልኩን ይቀይራል፣ ሳሙና ደግሞ ቤዝ ነው አሉን። ሁለተኛው፣ የእርድ ቢጫ ፀሐይ አይችልም። መስኮት አጠገብ የተለጠፉት ስዕሎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነጡ። ከሰሉና አፈሩ ግን እንዳሉ ናቸው።

ሐምበሪቾን ስንስልም ተሸውደናል። ሁላችንም ተራራ አረንጓዴ ነው ብለን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቀባነው። 777ቱን ደረጃ የወጣ ሰው አረንጓዴ እንደሆነ ይመሰክራል፣ እውነት ነው። ከሩቅ ሆናችሁ ጠዋት እዩት እስቲ። ሰማያዊ ነው። በመሀል ያለው አየር ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ስለዚህ ሩቅ ያለ ነገር ሳሳ ብሎ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ቅርብ ያለው ደመቅ ይላል። እንደዚሁ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ የመብራት ምሰሶዎቹ እያጠሩ፣ የመንገዱ ሁለት ጠርዞች እየተጠጉ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ይሄን “ርቀት ማሳየት” ተብሎ በሰፊው ትማሩታላችሁ፣ ማስመሪያ አትርሱ።

ሙዚቃው ላይ አራቱን ቅኝቶች ትማራላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። መሣሪያ ስለሌለን በአፋችን ነው የምናዜመው፣ ጎረቤት ክፍል ይረበሻል። ቲያትሩ በቡድን ነው፣ የሚያፍር ልጅ ዛፍም ቢሆን መጋረጃ ያዥም ቢሆን ማርክ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፣ መምህራንም ስለምታነቡት። ብዙ ልጆች “ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም” ብለው በስዕል ፔሬድ የሒሳብ ቤት ሥራ ይሠራሉ። ፈተና ሲደርስ ፔሬዱ ለክለሳ የተሰጠበት ጊዜም አለ። አባቴም ስዕል ስስል ሲያይ “ይሄ እንጀራ ይሆናል?” ይለኛል። አልቆጣበትም፣ የሚያስበው ስለኔ ነው። ግን ስለ አፈወርቅ ተክሌ ከተማርን በኋላ መልስ አገኘሁ። አፈወርቅ አንኮበር ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነው ባለቀለም መስታወት የእሱ ሥራ ነው። የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ጊዜ ያሳያል። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው፣ ማለትም አያቶቻችን ልጅ እያሉ፣ እስካሁንም ብርሃን ሲያልፍበት ይበራል። ለማ ጉያ ደግሞ አየር ኃይል ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ቢሾፍቱ ሆነው በፍየል ቆዳ ላይ ይስሉ ነበር። በፍየል ቆዳ! እኛ ከለር አለቀ ብለን እናለቅሳለን።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና “ታዲያ ሒሳቡንም አትተይ” አለኝ። አልተውኩም። እኔ የምለው የስዕሉ ፔሬድም የስዕል ይሁን ነው።

ለማንኛውም ስትመጡ መስመር የሌለው ደብተር፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ሁለት እርሳስ ያዙ። አንዱ ተራው ኤችቢ፣ ሌላው ለጥላ የሚሆን ቱቢ የሚባለው ለስላሳው። ቱቢ ካጣችሁ ከሰል ይሠራል። ከለር ካላችሁ ለጓደኛ አውሱ፣ አረንጓዴውን በተለይ።

የዚህ ዓመት ሥራዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፣ በእረፍት ሰዓት ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ላይ ያለው ጀበና የኔ ነው። በከሰልና በቡና አተላ የተሠራው፣ ቆረቆንዳ የተወተፈበት። ጀርባው ቢጫ ነበር፣ አሁን ነጥቷል።