ከመፈረም በፊት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በማስተምርበት የማታ ክፍል አንዲት ቡና ለቃሚ እናት ይማሩ ነበር። አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ወደ ኋላ ቀሩና ከደብተራቸው መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ላንብበው፤ አንተ ስሳሳት አርመኝ» አሉ።

ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። «ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ። ከእንግዲህ ከድርጅቱ የምጠይቀው ክፍያ የለም።» ከሥሩ የራሳቸው የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«እንዴ! አቦ፣ ይሄ ደመወዝ የተቀበልኩበት ነው ብለውኝ እኮ ነው! ሂጂ፣ ሥራ ሲኖር እንጠራሻለን አሉኝ።»

ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ቆጠርን። አራት ወር ከሃያ ቀን ሆኖታል። ለምን እስካሁን ለሰው አላስነበቡትም ብላቸው «ራሴ እስካነበው ጠብቄ ነዋ» አሉኝ። አስተማሪ ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀኑን ሳየው ግን ደነገጥሁ።

በአገራችን የአሠሪንና የሠራተኛን ጉዳይ የሚገዛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ካቦውን መለመንም ሆነ ሽማግሌ መላክ ይህን ጊዜ አያቆመውም። ጊዜው የሚቆመው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ሲያምን ነው። «ቆይ፣ እናስብበታለን» እየተባለ ስንቱ ሠራተኛ ሦስት ወሩን እንደጨረሰ ይታያችሁ።

ያ ወረቀትስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያስቀመጠው የጣት ምልክት ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው እንደማያስገድደው ይናገራል። አዋጁም ቢሆን አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ሲለያዩ ሠራተኛው «መብቴን ትቻለሁ» ቢል መተዉ በሕግ ፊት አይጸናም ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ ብቻውን እኚህን እናት አላሰራቸውም። የጎዳቸው ያለፈው ጊዜ ነው። በማግሥቱ ጠዋት አብረን ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት አይከፍልም። የገንዘቡ ጥያቄ ቀረበ፤ ወደ ሥራ የመመለሱ ጊዜ ግን አልፎ ነበር።

በክፍላችን ወሬው ሲሰማ አንዱ ተማሪ «እኔማ የተቀጠርኩት በቃል ነው፤ ምን ይዤ እከራከራለሁ?» አለ። በቃል መቀጠር መብት አያሳጣም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም ጥፋቱ የእሱ እንጂ የሠራተኛው አይደለም። ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ ይኖርበታል።

በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ቀፊራ ገበያ ዘንቢል ይዘው የምናያቸውን ልጆች ማለቴ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የአዋጁ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን የሽመንደፈር ሠራተኞች ከዚያ በፊት ተሰባስበው መብታቸውን ይጠይቁ ነበር። የፈረማችሁትን ለብቻችሁ ማስረዳት ከባድ ነው፤ አብሯችሁ የሚቆም ሲኖር ይቀላል። ዛሬ ከ10 ያላነሱ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ፤ ፔሮል እናንብብ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

የቀን ደመወዟ 160 ብር የሆነ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ስናካፍለው የሰዓቷ 20 ብር ይሆናል። ማክሰኞ ዕለት መደበኛ ሥራዋን ጨርሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ትርፍ ሠራች። ፔሮሉ ላይ ለዚህ የተጻፈላት 60 ብር ነው።

1. ስንት ብር ይጎድላታል?
2. ክፍያው መፈጸም የነበረበት ጥቅምት 30 ቀን ቢሆን፣ እስከ መቼ ድረስ መጠየቅ ትችላለች?